በቋንቋ አንትሮፖሎጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ቀረጻ እስከ ቋሚ ቅጥር

ይህ መመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሶሺዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ተምረው በቋንቋ አንትሮፖሎጂ ዶክትሬት ለመሥራትና በሙያው በመምህርነት ለመቀጠል ለሚያስቡ ነው። ትኩረቴ አሜሪካ ላይ ነው፤ የመስኩ አብዛኛው ሥራ እዚያ ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ረጅም ነው። ዶክትሬቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ሥራ ፍለጋ አለ። ሥራው ተገኝቶም ቋሚ ለመሆን ሌላ 6 ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው ስላበረታታችሁ ብቻ አትግቡበት።

ወደ ዝርዝሩ ከመሄዴ በፊት ዋናውን ልናገር። በዚህ ሙያ ትልቁ ሀብት በደንብ የተቀረጸ፣ በጥንቃቄ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠና ደጋግማችሁ ያዳመጣችሁት የሰዎች ንግግር ነው። ማመልከቻውም፣ ዲሰርቴሽኑም (የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፉም)፣ የሥራ ቃለ መጠይቁም፣ መጽሐፉም የሚወጣው ከዚያ ነው። ቲዎሪ አንብቦ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። የሦስት ደቂቃ ንግግር ይዞ መጥቶ «እዚህ ጋ ምን እንደተደረገ ላሳያችሁ» የሚል ሰው ግን ይፈለጋል።

1. መስኩን ከጎረቤቶቹ ለዩ

ሊንጉስቲክስ የቋንቋን አሠራር ያጠናል፤ ድምፁን፣ የቃሉን እርባታ፣ የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር። የቋንቋ አንትሮፖሎጂ ደግሞ ሰዎች በቋንቋው ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቃል። እንዴት ይከባበራሉ? እንዴት ይጣላሉ፣ እንዴት ይታረቃሉ? ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል?

መሠረቱን የጣሉት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍራንዝ ቦአስና ተማሪያቸው ኤድዋርድ ሳፒር ናቸው። በ1960ዎቹ ደግሞ ዴል ሃይምስና ጆን ገምፐርዝ ንግግርን በተነገረበት ቦታ፣ ከነተናጋሪዎቹ ማጥናት እንደሚገባ አሳዩ። እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የቋንቋ አንትሮፖሎጂ ከአራቱ የአንትሮፖሎጂ ቅርንጫፎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። አውሮፓ ላይ ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን የምታገኟቸው ብዙውን ጊዜ በሊንጉስቲክስ ወይም በአፍሪካ ጥናት ክፍሎች ነው።

አገር ቤት ሊንጉስቲክስና አንትሮፖሎጂ የሚሰጡት በየራሳቸው ክፍል ነው። የሚያገናኛቸው ተማሪው ራሱ ነው። የሊንጉስቲክስ ተማሪ ከሆናችሁ የአንትሮፖሎጂ መምህራንን አስፈቅዳችሁ የመስክ ጥናት ዘዴ ኮርሳቸውን ተከታተሉ። የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ከሆናችሁ ፎኔቲክስ፣ ማለትም የንግግር ድምፆችን ጥናት፣ ሳትማሩ እንዳትመረቁ። ፎኔቲክስ የሌለው ሰው የሰማውን ሳይሆን የገመተውን ነው የሚጽፈው።

2. ሳትሄዱ ጀምሩ

ብዙዎች «ውጭ ስሄድ እጀምራለሁ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከ1963 ጀምሮ የወጡትን የተቋሙን መጽሔቶች ይዟል። ኢትዮጵያ ለዚህ መስክ ምን ያህል እንዳበረከተች እዚያ ታያላችሁ። ለምሳሌ የቋንቋ ተመራማሪው አንበሳ ተፈራ ባሊሻ የሚባለውን የሲዳማ ሴቶች አነጋገር አጥንተዋል። ባለትዳር ሴት የአማቶቿን ስም መጥራት ነውር ስለሆነባት፣ ከስማቸው ጋር አንድ ዓይነት አጀማመር ያላቸውን ቃላት ሁሉ ትታ በሌላ ቃል ትተካለች። ተመሳሳይ ልማድ በከምባታም ተጠንቷል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ደግሞ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ያለባቸውን ሰዎች ምስጢራዊ አነጋገር መዝግበዋል። እነዚህን ሳታነቡ «በአገራችን ምንም አልተሠራም» ብላችሁ ማመልከቻ አትጻፉ። የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች ያውቁታል።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ተማሩ። አንደኛው ዓለም አቀፉ የድምፅ አጻጻፍ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ከአፍ መፍቻችሁ ሌላ አንድ የአገር ቋንቋ ነው፤ ለሰላምታ ያህል ሳይሆን ቀልድ እስከመስማት ድረስ። ሦስተኛው ኤላን የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ኔዘርላንድስ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ልሳን ተቋም የተሠራ ነው፣ በነፃ ይወርዳል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ድምፁንና ጽሑፉን በሰከንድ ክፍልፋይ ያገናኝላችኋል። ማን በማን ንግግር ላይ እንደገባ፣ ዝምታው ስንት እንደቆየ ወለል ብሎ ይታያል።

3. ርዕሱን ወደ ጥያቄ ቀይሩ

ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«አክብሮት በአማርኛ» ርዕስ ነው፤ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የሚገኘው ንግግሩን ቀርቦ በማየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሚኒባስ እንውሰድ። አንዲት እናት በር ላይ ደርሰዋል።

ረዳቱ፦ እናቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ።

ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሌላ ሰው እየመጣ ነው።

ረዳቱ፦ ማዘር፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይ።

ጠጋ አሉ። ሂሳብ ሲሰበሰብ ድፍን ሁለት መቶ ብር አወጡ።

ረዳቱ፦ ኧረ እናቴ፣ ዝርዝር የለዎትም?

በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ይግቡ»፣ «ጠጋ በይ»፣ «የለዎትም» አለ። ችኩል ሰው «መሃል ላይ ክብር አጓደለ» ብሎ ያልፋል። ግን እዩት። «ጠጋ በይ» ያለው «ማዘር» ብሎ ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ቤት ልጅ እናቱን «አንቺ» ነው የሚለው። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ረዳቱ የልጅነት ቦታ ይዞ፣ ልጅ እናቱን በሚጠይቅበት አነጋገር ቦታ አስለቀቀ ማለት ይቻላል። ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ወደ አክብሮቱ ተመለሰ።

ትክክል ነው? ይህን የሚነግረን የእኛ ስሜት አይደለም፤ የሴትየዋ ምላሽ ነው። ዝም ብለው ጠጋ ካሉ አንድ ማስረጃ ነው። «ልጄ፣ እኩያህ አይደለሁም» ካሉ ሌላ ማስረጃ ነው። ጥያቄያችሁ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ የከተማ ሰዎች ከማያውቁት ታላቅ ጋር ሲነጋገሩ ከአክብሮት ወደ ቅርበት የሚሻገሩት ምን ሊያስደርጉ ሲሉ ነው? ሰሚውስ መቼ ይቀበላል፣ መቼ ይመልሳቸዋል? ይህ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። የት እንደሚቀረጽ፣ ምን እንደሚቆጠር፣ ማንን እንደሚጠይቁ ያሳያል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሚኒባስ ውስጥ ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ አይቻልም። የሰማችሁትን ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ለቀረጻ ግን ፈቃድ ልትጠይቁ የምትችሉበትን ቦታ ምረጡ፤ ቤተሰብ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የሰፈር ሱቅ፣ የሽምግልና ቦታ።

4. ለዶክትሬት አመልክቱ

የማመልከቻ ጊዜው ብዙውን ጊዜ በታኅሣሥ አካባቢ፣ ማለትም በዲሴምበርና በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ውጤቱ በፌብሩዋሪና በማርች ይመጣል። ከተቀበሏችሁ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የመወሰኛ ጊዜ ይሰጣሉ። ስለዚህ ዝግጅቱ ክረምት ላይ መጀመር አለበት።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ሰዎቹን ቁጠሩ። ቺካጎ፣ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ፣ ቴክሳስ በኦስቲን በመስኩ የታወቁ ናቸው። አሪዞና ደግሞ አንትሮፖሎጂና ሊንጉስቲክስን ያጣመረ የዶክትሬት ፕሮግራም አለው። የትም ቢሆን የእናንተን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ቢያንስ ሁለት መምህራን መኖራቸውን አረጋግጡ። አንድ ብቻ ከሆነና እሱ ጡረታ ቢወጣ ወይም ሌላ ቦታ ቢሄድ አማካሪ አልባ ትሆናላችሁ።

ለመምህሩ ኢሜይል ጻፉ። አጭር ይሁን። «ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በዓለም የታወቁ…» እያላችሁ አትጀምሩ። ማን እንደሆናችሁ፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ፣ ከእሳቸው ሥራ ጋር የት እንደሚገናኝ በአሥር መስመር ጻፉና «በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ ተዉት።

የዓላማ መግለጫችሁን «ከልጅነቴ ጀምሮ ቋንቋ እወድ ነበር» ብላችሁ አትክፈቱት። በቀረጻችሁ ክፈቱት። ከላይ እንዳለው ዓይነት አራት መስመር ንግግር አስቀምጡና ያያችሁትን አሳዩ። ሦስት ምስክር ሰጪዎች ያስፈልጋሉ። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጠይቋቸው፤ ሲቪያችሁን፣ መግለጫችሁንና የቀን ዝርዝሩን አብራችሁ ስጧቸው። ሥራ የሚበዛበት መምህር ከባዶ እንዲጽፍ አታድርጉት።

ገንዘቡን በተመለከተ ያለ ሙሉ ድጋፍ አትሂዱ። የአሜሪካ ጥሩ የዶክትሬት ፕሮግራም የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ስቲፔንድ (የኑሮ አበል) እና የጤና መድን ይሰጣል፤ በምላሹ ረዳት መምህር ሆናችሁ ታስተምራላችሁ። «ተቀብለንሃል፣ ገንዘቡን ራስህ ፈልግ» የሚል ደብዳቤ ዕድል አይደለም። ማመልከቻው ራሱ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ከ70 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ነፃ እንዲያደርጉላችሁ ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ፤ ስንቱ ሳይጠይቅ ይቀራል!

በፉልብራይት፣ ማለትም በአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ፣ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ከመጀመሪያው እወቁ። በዚህ ፕሮግራም ቪዛ የሄደ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ ቋሚ ነዋሪነት ወይም የተለመደውን የሥራ ቪዛ ማግኘት አይችልም፤ ግዴታው ካልተነሳለት በቀር። አዲስ አበባ ተመልሶ ለማስተማር ላሰበ ምንም ችግር የለውም። እዚያው ሥራ ለመፈለግ ላሰበ ግን ዕቅዱን ይለውጠዋል።

5. የመስክ ሥራውን በትክክል ሥሩት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ አጠቃላይ ፈተና ትፈተናላችሁ፣ ፕሮፖዛል ትከላከላላችሁ። እሱን አማካሪያችሁ ይመራችኋል። ከዚያ ወደ 12 ወር የሚጠጋ የመስክ ሥራ ይመጣል። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ። ኒው ዮርክ ያለው የዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ለዶክትሬት ተማሪዎች የመስክ ሥራ ድጋፍ ይሰጣል፤ ዜግነት አይለይም። ቋንቋው የመጥፋት አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ በርሊን ያለውን የአደጋ ላይ ያሉ ቋንቋዎች ሰነዳ (ቀርጾና ጽፎ የማቆየት) ፕሮግራም ተመልከቱ። በጀቱ ካልበቃ መስኩ የግድ ገጠር መሆን የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለው የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ራሱን የቻለ መስክ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ትልቅ ጥናት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። ዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አንድ ሰው እንኳ አትቅረጹ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከአንድ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተጽፎ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በየደረጃው አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ማኅተም አለ። ሁሉንም ስካን አድርጉ፤ ዋናውን ይዛችሁ ዙሩ። ለዚህ ብቻ ሳምንታት መድቡ።

ፈቃድ ስትጠይቁ ብዙ ሰው ፊርማን ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ወረቀት ላይ ፈርሞ መሬቱን ያጣ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለና። ለኮሚቴው ይህን አስረዱና የቃል ፈቃድ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ እንዲያዝ አስፈቅዱ። በሰውየው ቋንቋ ይሁን። ምን እንደምታደርጉበት፣ ማን እንደሚያደምጠው፣ በኋላ «አጥፉልኝ» ማለት እንደሚችሉ ንገሯቸው። አጥፉልኝ ካሉም አጥፉ።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም፤ ማይክራፎኑ ግን ከተናጋሪው ቅርብ መሆን አለበት። የተጨመቀ ፋይል አትጠቀሙ። በዌቭ ቅርጸት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ቅረጹ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሳትተኙ ፋይሉን ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ሦስተኛው ቅጂ ከምታድሩበት ቤት ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ይህን ጻፉ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን ተናገረ፣ ሳይናገር ማን አጠገብ ነበረ፣ በምን ቋንቋ፣ ምን ዓይነት ፈቃድ ተሰጠ። «አጠገብ የነበረው» የሚለው ይዘለላል። አባት አጠገብ ተቀምጠው የተናገረች ልጅና ብቻዋን የተናገረች ልጅ አንድ እንዳልሆኑ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ግልበጣው ትዕግሥት ይፈልጋል። በርካታ ሰዎች የሚነጋገሩበት የአንድ ሰዓት ቀረጻ በጥሩ ሁኔታ ለመገልበጥ አርባ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም አትገልብጡ። ሁሉንም አዳምጡና ማውጫ ሥሩለት፤ ከዚያ ለጥያቄያችሁ የሚሆነውን ምረጡ። ግልበጣውን ከአካባቢው ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩ። እናንተ ሳል ነው ብላችሁ ያለፋችሁትን እሱ «አይ፣ ማስጠንቀቂያ እኮ ነው» ይላችኋል። ለዚህ ሰው ደህና ክፈሉት። ከፈቀደም ስሙን በሥራው ላይ አስገቡ። ይህን የማያደርግ ተመራማሪ የሰው ዕውቀት በነፃ ወስዷል ነው የምለው።

6. ጽሑፍ አውጡ

ዲሰርቴሽኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አንድ ምዕራፍ ወደ አንድ መጽሔት ላኩ። ከ1972 ጀምሮ የሚታተመውንና ሃይምስ የመሠረቱትን ላንጉዊጅ ኢን ሶሳይቲን፣ እንዲሁም ከ1991 ጀምሮ የሚወጣውን የቋንቋ አንትሮፖሎጂ መጽሔት አስቡ። በየዓመቱ በኖቬምበር በሚካሄደው የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቅርቡ። በ1959 ሮም ላይ የተጀመረውን ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም አትርሱ፤ አማርኛችሁን የሚሰሙ ገምጋሚዎች ያሉት እዚያ ነው።

ገንዘብ ከፍላችሁ በሁለት ሳምንት እናወጣለን ከሚሉ መጽሔቶች ሽሹ። ለአንድ እርከን ዕድገት የጠቀሙ ቢመስሉም ሲቪያችሁን ያበላሹታል።

7. ሥራ ፈልጉ

ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ይወጣሉ። «የቋንቋ አንትሮፖሎጂስት እንፈልጋለን» የሚለው በዓመት ጥቂት ነው። ስለዚህ በሰፊው ተመልከቱ፤ ኮሙኒኬሽን፣ የአፍሪካ ጥናት፣ ትምህርት፣ ሊንጉስቲክስ። የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ቦታም አንድ ሁለት ዓመት መተንፈሻ ይሰጣል።

የሚላከው ሰነድ ሁለት ገጽ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የምርምርና የማስተማር መግለጫ፣ የጽሑፍ ናሙናና ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ላይ «የትኞቹን ኮርሶቻችሁን ማስተማር እችላለሁ» የሚለውን በስም ጥቀሱ። የመግቢያ ኮርስ የሚያስተምር ሰው የማይፈልግ ክፍል የለም።

ከተጠራችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ግቢያቸው ትውላላችሁ። ዋናው 45 ደቂቃ ገደማ የሚወስደው ገለጻ ነው። አዳራሹ ውስጥ የአጥንትና የቁፋሮ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ስለ ቋንቋ ብዙም አያውቁም። ስለዚህ አንድ አጭር ቀረጻ አሰሟቸው። አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ። መጀመሪያ ሳታብራሩ፣ ቀጥሎ ግልበጣውን ስክሪን ላይ አስቀምጣችሁ። በሁለተኛው ላይ ሰዎች ወደ ፊት ጠጋ ብለው ሲያዳምጡ ታያላችሁ። የአገራችን ይሉኝታ እዚህ ላይ ይጎዳል። «ትንሽ ሞክሬአለሁ» አትበሉ፤ «ይህን አግኝቻለሁ» በሉ። እራት ላይ ግን ሰውን መጠየቅና ማዳመጥ የለመደ አገር ልጅ መሆን ይጠቅማል።

አገር ቤት ለሚመለስ ሂደቱ አጭር ነው። በሌክቸረርነት ያገለገለ ሰው ዶክትሬቱን ሲይዝ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ያድጋል። የማስተማር ጫናው ከባድ ነው፤ ከቅጥሩ በፊት ቢያንስ አንድ የሙሉ ቀን የምርምር ጊዜ በሳምንት እንዲኖራችሁ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ።

8. የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ያዙ

በአሜሪካ ረዳት ፕሮፌሰር በስድስተኛው ዓመት ገደማ ይገመገማል። ካለፈ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ቋሚ ይሆናል፤ ካላለፈ ይሰናበታል። በምርምር ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ማስተማርና አንድ መጽሐፍ ማውጣት የተለመደ ነው። ማስተማር ላይ ባተኮረ ኮሌጅ ሦስት ወይም አራት ኮርስ ነው፤ መጽሐፍ ላይጠየቅ ይችላል። የተቀጠራችሁበትን ክፍል መስፈርት በመጀመሪያው ወር በጽሑፍ ጠይቁ።

ኮሚቴ ይበዛባችኋል። አፍሪካዊ መምህር ጥቂት በሆነበት ግቢ ደግሞ ሁሉም ኮሚቴ ይጠራችኋል፣ ሁሉም አፍሪካዊ ተማሪ ቢሯችሁ ይመጣል። ተማሪውን ተቀበሉ፤ ኮሚቴውን ምረጡ። ሥራችሁን የሚገመግሙት የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ናቸውና ከሦስተኛው ዓመት በፊት በጉባኤ ተዋወቋቸው፣ ጽሑፋችሁን ላኩላቸው።

ቀረጻችሁንም አርካይቭ (የቀረጻ ማኅደር) አስገቡ፤ የተናጋሪዎቹ ፈቃድ በሚለው ልክ። የቀረጻ ስብስብ እንደ ምርምር ሥራ አይቆጠርም የሚል ገምጋሚ ሊያጋጥም ይችላል። የአሜሪካ የሊንጉስቲክስ ማኅበር ግን በ2010 ባወጣው ውሳኔ የቋንቋ ሰነዳ ሥራ ለቅጥርና ለዕድገት እንደ ምሁራዊ ሥራ እንዲታይ ጠይቋል። ስብስባችሁን በሲቪው ላይ በራሱ ርዕስ አስገቡ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተገለበጠ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ጻፉ። የማኅበሩን ውሳኔ አትሙና የዕድገት ፋይላችሁ ለገምጋሚዎች ከመላኩ በፊት ለክፍል ኃላፊው ስጡት።